የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብር የማያስገባውን አደጋ መጀመሪያ ቁረጡ

በዚህ ወር፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ አንድ ነገር ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ከተባለ ሦስት ወር አለፈ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ከተማችን ጎንደር ያለ እንግዳ ቀረች። አሁን ቤት ውስጥ የተቀመጠው ብር አልቋል፣ በሽታው ግን ገና እየመጣ ነው። ጥያቄውም «ወጥቼ ልሥራ ወይስ ቤቴ ልቀመጥ?» ሆኗል። ከ20 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ እንደ ባንክ ሰው ሂሳብ አዋቂ አይደለሁም፣ ግን የቤት ሂሳብ አውቃለሁ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁ ቤት ነው።

ቡናዬን ልክፈት ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ማራኪ ነው። ፒያሳ ዳር ላይ ላስቲክ ወጥሬ ጀበና ቡና እሸጥ ነበር። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል። 9 እና 5 ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋ ነው የሚኖሩት፣ 70 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ያለን አንድ ክፍልና ማድ ቤት ነው። ቡናውን ከፋሲካ ወዲህ ትቼዋለሁ። ባለቤቴ ግን አላቆመም። በቀን 450 ብር ያህል ይሠራል፣ 220 ለባለ ባጃጁ፣ 110 ለቤንዚን፣ ለእኛ 120 ይቀረናል። እኔ በደህናው ጊዜ በቀን 110 አተርፍ ነበር። የ300 ብር የሳምንት ዕቁብ አለብኝ፣ 11 ጊዜ ጥያለሁ፣ ዕጣው ገና አልደረሰኝም። እጄ ላይ 3800 ብር ነው ያለኝ። አከራያችን ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ 200 ብር እጨምራለሁ ብለዋል። ቡናዬን ብከፍት አማቴን የምገድላቸው ይመስለኛል፣ ባልከፍት ልጆቼ ይራባሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴን ሳነሳበት 'እግዜር ያውቃል' ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ምን ላድርግ?»
የፒያሳዋ ቡና ሻጭ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ፍርሃት በጭንቅላት ውስጥ ሲዞር ይተልቃል፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን መጠኑ ይታያል።

በደብዳቤሽ ጀርባ የጻፍሽውን የወር ወጪ ደመርኩት። ኪራይ 900፣ ጤፍ 1100፣ ለወጥ 900፣ ከሰል መብራትና ውሃ 350፣ ሳሙናና የአማትሽ መድኃኒት 250። ይህ 3500 ብር ነው። ባለቤትሽ በወር 25 ቀን ቢሠራ 3000 ያስገባል። የሚጎድላችሁ 500 ብር ነው። ዕቁቡ ሲጨመርበት ግን 1200 መጥቶ ጉድለቱን 1700 ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ ቆም በይና እይው። ቤታችሁን የሚያስጨንቀው ከምግቡ ይልቅ ዕቁቡ ነው። ዕቁቡ ለጊዜው ቢቆም የሚያስፈልግሽ በቀን 20 ብር ነው። 20 ብር! ለዚህ ብለሽ ያንን የላስቲክ ቤት መክፈትና በቀን 60 ሰው ማስተናገድ የለብሽም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ዕቁቡ ዳኛ ሂጂ። ስልክም መደወል ይቻላል፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ይሻላል፣ ደጃፍ ላይ ራቅ ብለሽ ቆመሽ፣ ማስክሽን አድርገሽ። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ዕቁቡ ለሁለት ወር እንዲቆም፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም የተቸገርሽው፣ ሌሎቹም አፍረው ዝም ብለው ይሆናል። ይህ ካልሆነ ደሞዝተኛ ከሆነ አባል ጋር ዕጣ ተለዋወጪ። ቀጣዩ ዕጣ ቢወጣለት ለአንቺ ይልቀቅልሽ፣ አንቺ የኋለኛውን ትለቂለታለሽ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሰው ሲቸግረው ሲደረግ የኖረ ነው። የጣልሽው 3300 ብር የትም አይሄድም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ዕቁብ ለመጣል ብለሽ አራጣ እንዳትበደሪ። የአራጣ ወለድ ከኮሮና በላይ ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ።

ስለ አከራይሽም ልንገርሽ። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ለአምስት ወር ነው፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ አከራይ ተከራይን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም አይችልም። ይህ ደንብ ነው፣ ልመና አይደለም። በትሕትና ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ ቀበሌ አለ።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። እኔ ለዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ያኔ የተማርኩት ትልቁ ነገር በሽታው የሚወደው ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው፦ የተዘጋ ክፍል፣ የተጠጋጋ ሰው፣ ረጅም ጊዜ፣ ብዙ ወሬ። መስኮቱን ስንከፍት ግማሹ ሥራ ይሠራል። ኮሮናም በብዙው በዚህ ይመሳሰላል። ከሚናገር፣ ከሚያስል፣ ከሚያስነጥስ ሰው በሚወጣ ጠብታ ነው የሚጋባው፤ ደግሞም ሰውየው ገና ሳያመው፣ ምልክቱ ሳይታይ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ «ደህና ሰው ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም።

በዚህ ዓይን ባጃጁን እይው። ሁለቱም ጎኑ ክፍት ነው። ጉዞው አሥር ደቂቃ ነው። ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው፣ አሁን ደግሞ የሚጫነው ሰው በግማሽ ተቀንሷል። ከብዙ ሥራ ይሻላል። ክረምቱ ሲገባ ሸራውን በሁለቱም ጎን አውርደው ዘግተው እንደሚነዱ አውቃለሁ፣ ያኔ ባጃጁ ትንሽ ክፍል ይሆናል። ዝናብ የሚመጣበትን ጎን ብቻ ያውርድ፣ ሌላው ይከፈት፣ ተሳፋሪው ትንሽ ቢረጥብ ይርጠብ። ብር ከተቀበለ በኋላ እጁን ፊቱ ላይ አያድርስ። የሳሙና ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ፣ ይበቃል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ በቀን ስንት ሰዓት ይነዳል፣ ስንት ሰዓትስ ተራ ይጠብቃል? ፌርማታው ላይ አራት አምስት ሆነው አንዱ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው፣ ማስኩን አገጭ ላይ አውርደው፣ ከአንድ ፌስታል ጫት ሲቅሙ፣ ሲጨዋወቱ ይውላሉ። በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ልጆቼ ስለሆኑ እቆጣቸዋለሁም። ከዚያ ቦታ አንድ ብር አይገባም። አደጋው ግን ከተሳፋሪው ሁሉ ይበልጣል።

የምነግርሽ ነገር ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ብር የማያስገባውን አደጋ መጀመሪያ ቁረጡ። ሰዎች የሚጨቃጨቁት ስለ ሥራ ነው፣ ልሂድ አልሂድ እያሉ፤ ከሥራው ዙሪያ ያለውን ግን ማንም አይቆጥረውም። ተራ መጠበቂያው፣ ጎረቤት ጋ የሚጠጣው ሦስተኛ ቡና፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አብሮ ማምሸት፣ ቅዳሜ ገበያ ለአንድ ኪሎ በርበሬ መጋፋት። እነዚህን ብትቆርጡ ከገቢያችሁ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ከዚያ በኋላ የቀረውን አደጋ ከሚያስገባው ብር ጋር አመዛዝኑት። ባለቤትሽ ተራ ሲጠብቅ በራሱ ባጃጅ ብቻውን ይቀመጥ፣ ጓደኞቹን ከውጭ ቆሞ ያውራ። «እግዜር ያውቃል» ያለሽ ንቆ አይመስለኝም። የሚያደርገው ነገር ስላጣ ነው። የሚያደርገውን ብትሰጪው ያደርገዋል፤ እናቱ ናቸው እኮ።

አሁን ቡናሽ። የላስቲኩ ቤት ውስጥ ሰው ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማስኩን አውልቆ፣ እያወራ ይጠጣል። ሲኒው በአንድ ሳፋ ውሃ ይታጠባል። ይህ ሁሉ መጥፎ ነው። አትክፈቺው። ግን ቡና ማፍላት አትተይ። ቤትሽ አፍልተሽ በሁለት ፔርሙዝ ያዢና ደንበኞችሽ ወደነበሩት ሱቆች ሂጂ። እነሱ የራሳቸውን ሲኒ ያውጡ፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ቅጂ፣ ተቀብለሽ ሂጂ። ሃያ ሲኒ በ5 ብር 100 ብር ነው፣ የቡናው፣ የስኳሩና የከሰሉ ወጪ ግማሹን ቢወስደው እንኳ 50 ይቀርሻል። የሚያስፈልግሽ ደግሞ 20 ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ሁሉም ደጅ ላይ ነው። ሱቆቹም ይወዱታል፣ ምክንያቱም እነሱም ቡና ፍለጋ ተጋፍተው መቀመጥ ፈርተዋል።

ከ3800 ብር ላይ 1650 ለይተሽ አስቀምጪ። ይህ የ14 ቀን ብር ነው። ከእናንተ አንዱ ቢታመም ወይም ከታመመ ሰው ጋር ተገናኝተሃል ቢባል 14 ቀን ሥራ ይቆማል፣ የዚያን ጊዜ ቤቱ የሚበላው በዚህ ነው። ለልብስም፣ ለክርስትናም፣ ለምንም አትንኪው። ሰው የታመመውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ነገ የሚበላው ስለሌለው ነው። ይህ ብር ካለ ባለቤትሽ ሲያስለው «ዛሬ አልወጣም» ለማለት አቅም ይኖረዋል።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው ብለሻል። የአማትሽ አልጋ መስኮቱ አጠገብ ይሁን፣ መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈት፣ እንዲሞቃቸው ጋቢ ይደርቡ። ባለቤትሽ ሲገባ ጃኬቱን ውጭ ይስቀል፣ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ እናቱን ከበር ሆኖ ሰላም ይበል። ጉልበት መሳሙ ለጊዜው ይቅር። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸው አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ፤ ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ያልሆነ ሰው ላይ ይህ በሽታ ይበረታል። ሆስፒታል እሳቸው አይሂዱ፣ አንቺ ካርዳቸውን ይዘሽ ሂጂና የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ደግሞም ዛሬ፣ ማንም ሳይታመም፣ አዘዞ ያለችውን የባለቤትሽን እህት አነጋግሪ። ባለቤትሽን ትኩሳት ቢይዘው እናቱ በዚያው ቀን ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ አሁኑኑ ይታወቅ። በጭንቅ ሰዓት መመካከር አይቻልም። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ 8335 ወይም 952 ደውሉ፣ ዝም ብላችሁ ታክሲ ተሳፍራችሁ አትሂዱ።

ለሰሊጥ አረም ልውረድ?

«ሰላም ነው እትዬ? 27 ዓመቴ ነው፣ አስጎብኚ ነኝ። ለጥምቀት ከተማው ሞልቶ እንቅልፍ አጥተን ነበር የሠራነው፣ ከመጋቢት ወዲህ ግን ፋሲል ግቢ በር ላይ አንድም እንግዳ አላየሁም። ያጠራቀምኩት አልቋል። የምኖረው ከአባቴና ከአክስቴ ጋር ነው። አባቴ አስም አለበት። አክስቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፣ ሦስታችንም የምንበላው በእሷ ነው። አንድ ደላላ ወደ መተማ ለሰሊጥ አረም ውረድ፣ በቀን 200 ብር ከነምግቡ ብሎኛል። ከዚህ ቁጭ ብዬ ከምቆዝም ልሂድ እንዴ?»
ሥራ ፈቱ አስጎብኚ

ወንድሜ፣ አትሂድ። ምክንያቴን ልንገርህ።

200 በ30 ቀን 6000 ብር ነው፣ ስትሰማው ያጓጓል። ግን ዝናብ ሲጥል አረም የለም፣ ያን ቀን ክፍያም የለም። የመሄጃና የመመለሻ መኪና አለ፣ ከተሳፋሪው ቁጥር መቀነስ ጋር ታሪፉ ወደ ላይ ወጥቷል። ደላላው የራሱን ይወስዳል። አንተ ደግሞ አረም አርመህ አታውቅም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ጀርባህ እንዴት እንደሚሆን ገበሬ ጠይቅ።

ዋናው ግን ቆላው ነው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የደጋ ልጅ ነህ፣ የወባ ልምድ በደምህ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። በዚያ አካባቢ ካላዛርን የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፣ በጥቁር አፈሩ ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፣ ማታ ማታ ትነክሳለች። የሚጠቁት ደግሞ በብዛት እንዳንተ ያሉ ለሥራ የሚወርዱ ወጣቶች ናቸው፣ ዛፍ ሥር ወይም ዳስ ውስጥ ስለሚያድሩ። ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዳሱ ውስጥ ብዙ ሰው ተደርድሮ ነው የሚተኛው፣ መተማ ደግሞ የድንበር ከተማ ናት፣ ከሱዳን የሚመለስ ብዙ ሰው በዚያ በኩል ነው የሚገባው። ትኩሳት ቢይዝህ ወባ ይሁን፣ ካላዛር ይሁን፣ ኮሮና ይሁን ሳይለይልህ ሰሊጥ መሀል ትወድቃለህ። ስትመለስም አስም ካለበት አባትህ 14 ቀን መራቅ አለብህ፣ እሱም ያለ ገቢ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

አሁን የምለውን በደንብ ስማኝ። ከቤታችሁ ገበያ የሚውለው መዋል የማይገባው ሰው ነው። የ63 ዓመት ሴት ቅዳሜ ገበያ ግፊያ ውስጥ ናት፣ የ27 ዓመት ወጣት ቤት ተቀምጧል። ይህ በሽታ ወጣት አይነካም ማለቴ አይደለም፣ ይነካል። ግን ዕድሜ ሲገፋ የሚገድለው በብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ቦታ ተቀያየሩ። አክስትህ ሥራውን ታውቀዋለች፤ ዋጋውን፣ ከደምቢያ የሚመጣው ሽንኩርት መቼ እንደሚረክስ፣ የትኛው ነጋዴ እንደሚያታልል። እሷ ቤት ሆና ትንገርህ፣ ሽንኩርቱን ትለይ፣ ትመዝን፣ ትቋጥር። አንተ ወጥተህ ግዛ፣ አንተ ሽጥ። ደግሞም ገበያው መሀል መቀመጥ የለብህም። የተቋጠረውን በእጅ ጋሪ ጭነህ በየሠፈሩ ሂድ። ሰው ወደ ገበያ መውጣት ፈርቷል፣ በሩ ላይ ብታመጣለት ሁለት ብር ጨምሮ ይገዛሃል። ስልክህን ስጣቸው፣ ማታ ይዘዙህ፣ ጠዋት አድርስ። እንግዳ ተቀብሎ ማነጋገር፣ ቀጠሮ ማክበር፣ ሰው ማስደሰት ሥራህ ነበር፤ ያው ሙያ ነው።

አፍረህ እንደሆነ ገብቶኛል። ቋንቋ ተምሮ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የፋሲልን ታሪክ ሲያስረዳ የኖረ ልጅ ጋሪ ሲገፋ ሠፈሩ ያየዋል። እኔ ግን ባይህ እኮራብሃለሁ። ግቢው የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ክፉ ጊዜ አልፎበታል፣ እንግዳው ሄዶ ተመልሷል፣ አሁንም ይመለሳል። አጨዳው መስከረም ላይ ሲደርስ ደላላው እንደገና ይመጣብሃል። ያ ደግሞ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፣ ያኔም መልሴ ይኸው ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ

«እትዬ፣ ጎረቤቶቼ ሲያደርጉ አይቼ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ሎሚ በየቀኑ ለቤተሰቡ እሰጣለሁ። ዋጋው ከፍ ስላለ በሳምንት 150 ብር ያህል ይወጣብኛል። ጓንትና ሳኒታይዘርም እገዛለሁ። ከዚህ ላይ ምኑን ልቀንስ?»
የአዘዞ እናት

ሳሙና ብቻ አስቀሪና ሌላውን ሁሉ ቀንሺ። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል፣ ዝንጅብል ጉሮሮ ያሞቃል፣ ኮሮናን ግን አይከላከሉም። ጓንት አድርጎ ብር ቆጥሮ በዚያው ጓንት ፊትን መንካት ከባዶ እጅ አይሻልም። የቫይረሱ ልባስ ቅባት ነው፣ ሳሙና ቅባትን ያፈርሳል፣ ለዚህ ነው 20 ሰከንድ መታጠብ የሚበቃው። ሳኒታይዘር ውሃ በሌለበት መንገድ ላይ ይጠቅማል፣ ቤት ውስጥ ብክነት ነው። በተረፈው 150 ብር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት የጨርቅ ማስክ አሰፊ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይደረጋል። ከዚያ የሚተርፈውን እንቁላል ግዢበት፣ ልጆችሽን የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

ለእኔ ብለው ሥራ አቆሙ

«ልጄ፣ ይህን የጻፈችልኝ የልጅ ልጄ ናት። 74 ዓመቴ ነው። ልጄ በርና መስኮት ይበይድ ነበር፣ በሽታ አምጥቼ እናቴን እገድላለሁ ብሎ ከሚያዝያ ጀምሮ ቤት ተቀምጧል። የልጆቹ ፊት ሲገረጣ አያለሁ። እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ ብለው አልሰማ አለኝ። ደግሞ ለሥላሴም አትሄጂም ብሎ ከልክሎኛል። ሐምሌ 7 ሥላሴ ነው፣ ቀርቼ አላውቅም። ምከሪልኝ።»
ከቀሃ ሠፈር

እናቴ፣ እጅ እነሳለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ሁላችንም ስለ እናንተ ስናወራ እናንተን አንጠይቅም። ሁሉም ልጅ «እናቴን ልጠብቅ» ይላል፣ እናቲቱ ምን እንደምትፈልግ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

«ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» ያሉትን ግን አልቀበልዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅዎም የማይሰማዎት በዚህ ምክንያት ነው። «ልሙትና ሥራ» ሲሉት እንዴት እሺ ይበል? እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ፣ አንተም ሥራ፣ እኔም እጠነቀቃለሁ።» ይህንን ይሰማል። ብየዳ ከቤት ውጭ፣ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ፊቱም ተሸፍኖ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ራቅ ብሎ ልኬቱን ይቀበል፣ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ የሚገጥመውን ሥራ ብቻ ለጊዜው ይተው። ያኔ ገቢው ሙሉ ባይሆን ግማሹ ይመለሳል።

ከእርስዎ የሚፈለገው ትንሽ ነው፣ ግን ይከብዳል። ለብቻዎ ሳህን ይብሉ፣ ከአንድ ትሪ አይብሉ። ጉርሻውም ይቅር። የልጅ ልጆችዎን አይሳሙ። ለቅሶ አይሂዱ፣ ዕድርዎ ያውቃል፣ መዋጮውን ልጅዎ ያደርስልዎታል። እንግዳ ከመጣ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችሁ ራቅ ብላችሁ ተጨዋወቱ። ይህንን እርስዎ ራስዎ ሲወስኑት ልጅዎ ይቀለዋል፤ አሁን እሱ እንደ ዘበኛ ቆሞ ስለሚከለክል ነው የምትጋጩት።

ስለ ሥላሴ። ውስጥ አይገቡም፣ ቅዳሴው ላይም አይቆሙም፣ አሁን ቤተ ክርስቲያኗም ይህንን አትሻም፣ አዋጁም ብዙ ሆኖ መሰብሰብን ከልክሏል። ግን ደጃፉን መሳለም ሌላ ነው። ሐምሌ 7 ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳይበዛ ይነሱ። ልጅዎ ከዋዜማው የሚያውቀውን ባጃጅ ይቅጠር፣ ገና አንድም ተሳፋሪ ሳይጭን መጀመሪያ እርስዎን ያድርስ፣ ሸራው በሁለቱም በኩል ተገልጦ። ማስክዎን ያድርጉ፣ ነጠላዎን ከላዩ ይከናነቡ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጎን፣ ሰው የሌለበትን ቦታ ይምረጡ። ይህን ደብዳቤ የጻፈችልዎት ልጅ ደግሞ ሁለት እርምጃ ርቃ ከኋላዎ ትቁም።